የሚሄዱትን ሸኘን፤ የሚመጡትን ማን ይቀበል?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በተማሪዎች አመራርና የባህል ልውውጥ ፕሮግራም ለመሳተፍ ወደ አሜሪካ ስለሚጓዙ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለተመረጡት ወጣቶችና ለወላጆቻቸው እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። ይሁን እንጂ ዘገባው እንደ ወትሮው ስለ ውድድሩ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ኤርፖርቱ ሽኝት በሰፊው ካተተ በኋላ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አልፏል። የምንልከውን ያህል የምንቀበለውስ ማንን ነው? ይህን ጥያቄ ለማንሳት የተነሳሁት በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር በመሆኔና እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች በየጊዜው በእጄ ስለሚያልፉ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ዕድል ተጠቃሚ የሚሆነው ማን እንደሆነ ለማወቅ ቅጹን ማየት ይበቃል። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ባመጣችልኝ ማመልከቻ ላይ፣ የመሪነት ልምዷን እንድትገልጽ በሚጠይቀው ክፍል የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የክፍል አለቃ ሆና እንደማታውቅ። ይህች ልጅ በየማለዳው ከሰልፉ ፊት ቆማ የሚኒ ሚዲያውን ዜና የምታነብ፣ መብራት በጠፋ ቀን ማይኩን አስቀምጣ በባዶ ድምፅዋ ለመላው ትምህርት ቤት የምታሰማ፣ ከርሷ በታች ያሉትን አንባቢዎችም የምታለማምድ ናት። ይህን ሥራዋን እንደ መሪነት ልትቆጥረው እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም። በአንዳንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የሚማር እኩያዋ ግን ድርሰቱን እንዴት እንደሚያሳምር የሚያማክረው፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም በእንግሊዝኛ አሰናድቶ ማኅተም የሚያስመታለት ሰው አያጣም። ማመልከቻው የሚሞላው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የጋዜጣችሁ አንባቢዎች ያስታውሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ያመለጠ የማመልከቻ ቀን ተመልሶ አልመጣም።

ምርጫው የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ ከሺህ ተማሪ አንዱ ይሄድ እንደሆነ እንጂ የቀሩት እዚሁ ናቸው። ክርክሬም የሚጀምረው ከነዚህ ከቀሩት ነው።

ሄደው የተመለሱ ወጣቶችን ሳነጋግር ደጋግመው የሚያነሱልኝ ነገር አስገርሞኛል። ለምሳሌ የአሜሪካ መንግሥት ያዘጋጀውን የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕን እንውሰድ። ይህ ፕሮግራም ለተማሪዎቼ ሳይሆን ለታላላቆቻቸው የታሰበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 500 ወጣቶችን ተቀብሎ ሲጀምር፣ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የተውጣጡና ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 35 የሆኑ ሰዎችን በየዩኒቨርሲቲው 25 ያህል እያደረገ በመመደብ ለስድስት ሳምንት ገደማ ያሠለጥን ነበር። ከዚያ የተመለሱት ከመምህራኑ ትምህርትና ከጉብኝቱ በላይ የሚያወሩት አብረዋቸው ስለከረሙት ዩጋንዳዊ፣ ሴኔጋላዊና ማላዊያዊ ነው። ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ እኩያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብለው ያወሩት ውቅያኖስ ተሻግረው ነው። ያው የአሜሪካ መንግሥት ለወጣት አፍሪካውያን መሪዎች በአህጉራችን ሥልጠና ለመስጠት ማዕከላት ሲከፍት የመረጣቸው ከተሞች አክራ፣ ዳካር፣ ናይሮቢና ፕሪቶሪያ ነበሩ፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አዲስ አበባ ከመካከላቸው አልነበረችም። ምክንያቱን ከውጭ ከመፈለግ በፊት ወደ ራሳችን ብንመለከት ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር በቅንፍ ላስታውስ። ልጃችሁ በልውውጥ ፕሮግራም ሲሄድ «በዚያው ቅር» ብላችሁ የምትመክሩ አላችሁ። ተሳታፊዎቹ የሚሄዱበት ጄ-1 የተባለው ቪዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሕግ መሠረት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሄደ ሰው በጠቅላላው ሁለት ዓመት በአገሩ ሳይቆይ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ዋና ዋናዎቹን የሥራ ቪዛዎች እንዳያገኝ የሚከለክል ግዴታ አለበት፤ ይህም ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በስተቀር ነው። ምክሩ ልጁን ችግር ውስጥ ይከታል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በታሪካችን ትልቁን ለውጥ ያመጣው የተማሪ ልውውጥ፣ እንደኔ እምነት፣ ከእኛ ወደ ውጭ የሄደው አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነፃ የአፍሪካ አገሮች በአክራ በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ይህን ቃል የገባችው አገር በወቅቱ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም፤ የነበሯት ጥቂት ኮሌጆች ሲሆኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ1954 ዓ.ም. ነው። የዕድሉ ተጠቃሚዎች ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች መጥተው ከእኛ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ነው።

እነዚህ ወጣቶች የመጡት አገሮቻቸው ከቅኝ ገዢዎች ጋር በሚተናነቁበት ሰዓት ስለነበር ስለ ፖለቲካ ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም ነበር። ባሕሩ ዘውዴን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን እንዳሳዩን፣ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዝምታና ታዛዥነት እንግዶቹን አስገርሟቸዋል፤ የአፍሪካ ነፃነት አርማ ስለተባለችው አገር በሩቅ የሰሙትንና በቅርብ ያዩትን ማስታረቅም ቸግሯቸዋል። በአንጻሩ የእኛዎቹ ራሳቸውን ከሌላው አፍሪካዊ ለይተው ማየታቸው እንግዶቹን ያስከፋበት ጊዜ ነበር፤ ይህንንም ሳንደብቅ ማንሳት ይገባናል። ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸው በአፍሪካ ያላትን ክብር ለማሳየት የጋበዟቸው ልጆች የገዛ ተማሪዎቻቸውን ጥያቄ ማስተማራቸው የታሪክ ምፀት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ተማሪዎች የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ ደግፈው አደባባይ የወጡት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ «መሬት ለአራሹ» ያሉት በእንግዶቹ ምክንያት ብቻ ነው የሚል የለም፤ የአገሩ ብሶት ራሱ በቂ ነበር። ነገር ግን ከነዚያ ኮሌጆች ተማሪዎች አብዛኞቹ ፓስፖርት ሳያወጡ፣ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ ስለ መሪነት ድርሰት ሳይጽፉ አፍሪካን በምግብ አዳራሻቸው አገኟት። ዛሬ 30 ወይም 40 ወጣት መርጠን በመላክ ይህን የመሰለ ውጤት ልናገኝ አንችልም። ከ1955 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ከአሜሪካ የመጡት የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎችም ቢሆኑ፣ በየአውራጃው ከተማ ያስተማሯቸው ሰዎች እስከ ዛሬ በስም ያነሷቸዋል።

አሁን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ የማስተማሪያ ቋንቋቸውም እንግሊዝኛ ስለሆነ ከናይሮቢ ወይም ከካምፓላ ለሚመጣ ተማሪ ትልቁ መሰናክል አስቀድሞ ተነሥቷል። ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ተማሪዎችም በመካከላችን አሉ። ሆኖም በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቀድሞ ተማሪዬ እንደነገረኝ፣ ለውጭ ተማሪዎቹ የተለየ ብሎክ ተሰጥቷቸው ለብቻቸው ያድራሉ፣ ካፌም የሚቀመጡት እርስ በርሳቸው ነው፤ እርሱ ራሱ ከመካከላቸው የአንዱን ስም እንኳ አያውቅም። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ያለማቋረጥ ለምናወራ ሰዎች ይህ አሳፋሪ ነው። እንግዳን ተቀብሎ በተለየ ብሎክ ማሳደር ከሆቴል አገልግሎት አያልፍም።

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለምሳሌ ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጎረቤት አገሮች 20 ተማሪዎችን ለአንድ ሴሚስተር ይቀበል፤ ዶርም ሲደለደሉ አንድ እንግዳ ከኢትዮጵያውያን ጋር ይመደብ፤ የወሰዷቸው ኮርሶችም በአገራቸው እንዲያዙላቸው ከላኪው ዩኒቨርሲቲ ጋር አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ። ለበዓል ቀናት ደግሞ የከተማው ቤተሰቦች እየወሰዱ ያስተናግዷቸው። በትንሣኤ ዋዜማ እስከ ሌሊት ዶሮ ሲጠብቅ ያደረ፣ በዒድ ማለዳ ከወዳጁ ቤተሰብ ጋር ከስታዲየም የተመለሰ ታንዛኒያዊ ስለ አገራችን የሚያውቀው በአዳራሽ ከሚቀርብ የባህል ትርዒት ሊያገኘው የማይችለውን ነው። በምላሹም ያው ቁጥር ያላቸው የእኛ ልጆች ወደዚያ ይሂዱ።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ለራሱ ተማሪዎች የካፌ ምግብ ማሟላት የተቸገረ ተቋም እንግዳ ምን ሊያበላ ነው የሚል። ለዚህ መልሴ የ1950ው ነው፤ ያኔም ሀብታም አልነበርንም። ሁለተኛውና ከባዱ ሰላም ነው። ደሴ ሆኜ ስጽፍ ይህን አቃልዬ ልናገር አልችልም፤ መንገድ በማይታመንበት አካባቢ የሰው ልጅ አይጋበዝም። ስለዚህ ሰላም ባለበት ይጀመር፣ የኛም ተራ ሲደርስ ይድረሰን።

የትምህርት ሚኒስቴር በዚህ ጉዳይ ላይ ዕቅድ ካለው ለሕዝብ ቢያሳውቅ ደስ ይለኛል። ከጋዜጣችሁም የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በቀጣይ እትማችሁ የተጓዦቹን ፎቶ ባወጣችሁበት ገጽ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚማሩትን የደቡብ ሱዳንና የሶማሊያ ተማሪዎች አነጋግራችሁ ስለ ዶርማቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸውና ስለ እኛ የሚሉትን አስነብቡን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ