የቅዳሜው ውይይት፦ ሪቻርድ ፓንክረስት

ሰላም አባላት፣

የዚህ ወር ውይይታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና በር ላይ እንገናኝና አብረን እንገባለን። መታወቂያ አትርሱ።

የምንወያየው ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ በመታገላቸው ነው። ሙያቸው ግን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ነበር። ስለ ነገሥታት ብቻ አልጻፉም። አሞሌ ጨው እንዴት ገንዘብ ሆኖ እንደሠራ፣ ማርያ ቴሬዛ ብር በገበያ እንዴት እንደተዘዋወረ፣ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ሁሉ አጥንተዋል። እኔ ከሐውልቱም ይልቅ ይኼ ይበልጥብኛል።

ለማስታወስ ያህል፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 እንግሊዝ ተወለዱ። በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። በ2017 አርፈው ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።

ከቤተሰብ ትልልቅ ሰዎች ስለ ድሮ ገበያና ገንዘብ አንድ ወሬ ጠይቃችሁ ኑ። ስለ አሞሌ የ10 ደቂቃ መግቢያ የሚያቀርብልን አንድ ሰው እንፈልጋለን፤ ማን ይሞክራል? የምትመጡም የምትቀሩም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።