የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ፦ ሲጠሩት ብቻ "አቤት" የሚል ካርድ

የክበባችን ዓመት የጀመረው በአንድ ካርቶን ነው። ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ደብረ ብርሃን ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ኮሞዶር 64 ይዞልን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ልጆቹ ኪቦርድ መስሏቸው "ቲቸር፣ ኮምፒውተሩስ የታለ?" አሉኝ። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼው ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ግን ከክፍሉ የሚወጣ ጠፋ።

የድሮውን ፓወር ሰፕላይ አልነካነውም። ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ እየለቀቀ ቺፖቹን ሊያቃጥል ስለሚችል በአዲስ ተካነው።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ካርድ ለመሥራት ወሰንን። በክፍሎች የጥያቄና መልስ ውድድር "እኔ ነኝ የቀደምኩት" የሚለው ጭቅጭቅ ሁላችንንም አሰልችቶን ነበር። ስለዚህ ለ8 ክፍሎች 8 ቁልፍ አሰብን፤ የትኛው እንደተጫነ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ካርዱ ነው። የካርዱ ዋና አካል 22ቪ10 የሚባል ባለ 24 እግር ቺፕ ነው። ባዶውን ይመጣል፤ ሥራውን የምንጽፍለት እኛ ነን። አምራቹ ዋስትና የሰጠው ለ100 ጊዜ መጻፍ ነው። በጻፍን ቁጥር በደብተር መዘገብን። ይህ ልጆቹን ከመጻፍ በፊት በወረቀት ላይ ደጋግመው እንዲያስቡ አድርጓቸዋል።

የታኅሣሥ ብርድ ጣት አልታዘዝ እያለ እንደምንም በየድነው ጥር ላይ ሰካነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ካርዱን ስንነቅል ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ስንሰካ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት እግሮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካን። ብየዳው እንከን አልነበረውም።

ያገኘችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፕሮሰሰሩ የሚያነበው በ8 የጋራ መስመሮች ነው። ሜሞሪውም ካርዳችንም የሚመልሱት በእነዚሁ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አድራሻ ይባላል። የእኛ ድርሻ ከ56832 እስከ 57087 ያለው አድራሻ ብቻ ነው። የጻፍነው ግን "ፕሮሰሰሩ ሲያነብ መልስ" የሚል ነበር፤ "አድራሻው የእኛ ሲሆን" የሚለውን ረስተናል። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ "ቲቸር፣ ካርዱ እኮ በሰው ስም ነው አቤት የሚለው!" አለችኝ። ስም ስጠራ በየስሙ አቤት የሚል ተማሪ ቢኖር ክፍሉ ምን እንደሚሆን አሰብኩት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ ራሴ ሰጥቼ አላውቅም።

የጎደለውን ጨመርን። በደብተሩ 6ኛው ጽሑፍ ነበር። ስክሪኑ መጣ። ቁልፎቹ በተራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ ይቆጠራሉ፤ አብረው ሲጫኑ ይደመራሉ። ፒክ በሚባለው የማንበቢያ ትእዛዝ 56832ን ስናነብ፣ ማንም ካልጫነ 0፣ 4ኛው ቁልፍ ሲጫን 8 አገኘን። ጩኸታቸው ግቢው ውስጥ ተሰማ።

ግንቦት ላይ ውድድሩ መሀል መብራት ሄደ። ሲመለስ ቤዚክ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍነው ፕሮግራም ከሜሞሪው ጠፍቷል፤ ቺፑ ግን የጻፍንበትን አልረሳም። ሁለት ልጆች ፕሮግራሙን ከደብተር እያዩ በ10 ደቂቃ መልሰው ጻፉት። ከዚያ በአንዱ ጥያቄ ስክሪኑ 9 አሳየ፦ 1ኛውና 4ኛው ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነዋል ማለት ነው። እኩል ናቸው ተብሎ ሌላ ጥያቄ ተጠየቀ፤ የተከራከረ አልነበረም።

ደብተሩ 11 ላይ ቆሟል። ለመጪው ዓመት አባላት 89 ይቀራል።