ቅዳሜ ዘጌ ነን
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከባህር ዳር በጀልባ ዘጌ እንሄዳለን፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ያለችውን ሙዚየም ለማየት። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቁ፣ ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አሉ፣ ለኔ ግን ዋናው ኤግዚቢሽን የመቅደሱ ግድግዳ ነው። ስዕሎቹ ቀጥታ ጭቃው ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ናቸው፣ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ደሞ አይን አይኑን እዩ፣ ቅዱሳኑ ሁለት አይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ ግን ብዙ ጊዜ በጎን ስለሚሳሉ አንድ አይን ብቻ ነው ያላቸው፣ ይሄን ከያዛችሁ ታሪኩን ባታውቁትም ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ። በላኤ ሰብን፣ ያን በእመቤታችን ምልጃ የዳነውን ሰው በላ፣ ስዕሎቹ ውስጥ ቀድሞ ላገኘ ቡና በኔ ነው (የዘጌ ቡና ነው እንግዲህ!)።

ፍላሽ ግን በፍጹም፣ እባካችሁ። ብርሃን ቀለሙን ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፣ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ብራና ሲያሳዩ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነ ደብዛዛ መብራት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ደሴቱ ላይ ያለውን ክብራን ገብርኤል ገዳም ሰርዘነዋል፣ ሴቶች ስለማይገቡ ግማሾቻችሁ ጀልባ ላይ ስትጠብቁ አይሆንማ። ኡራ ሁላችንም እንገባለን። ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ፣ ነጠላም ያዙ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልን፣ ጀልባ የምንይዘው በቁጥራችሁ ነው።