የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ታሪኩ የማን ነው?

የክበብ ዘገባ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። «ክበባችን በዚህ ዓመት በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ የአባላት ቁጥር፣ የተዘጋጁ ዝግጅቶች፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ ምስጋና። እሱን ባጭሩ ልገላገለው። 31 ሆነን ጀመርን፣ 17 ሆነን ጨረስን። ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል። የግጥም ዝግጅታችን ጥሩ ነበር፤ ማይኩ ግን እንደ ልማዱ ጉድ ሠርቶናል። ለሚኒ ሚዲያ ክበብ በየጊዜው ጽሑፍ ሰጥተናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የቀረውን ቦታ ዓመቱን ሙሉ ላላስተኛን አንድ ጥያቄ ልጠቀምበት። በሕይወት ያለ፣ የምናውቀው ሰው የደረሰበትን መከራ መጻፍ እንችላለን ወይ?

ነገሩ የጀመረው በእኔ ጥፋት ነው። ለአንድ ክፍል «በዙሪያችሁ ስላለ እውነተኛ ሰው ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። የክበባችን አባል የሆነች ተማሪ ስለ አንዲት የትምህርት ቤታችን ሠራተኛ ጽፋ መጣች። ሥራቸው ምን እንደሆነ አልናገርም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። የምር ጥሩ። ልጅቷ ስማቸውን ቀይራለች። «እጆቻቸው ዝናብ እንደራቀው መሬት ተሰነጣጥቀዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። እሱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበትና ዳሩ ላይ «ግሩም!» ብዬ ጻፍኩ። አልበቃኝም፣ ለሚኒ ሚዲያም ሰጠሁት። በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ተነበበ።

ስሙ ተቀይሯል፤ ግን ግቢው ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ማን አለ? ንባቡ ግማሽ ሳይደርስ ተማሪው ዞር ዞር እያለ ያያቸው ጀመር። ከሰዓት በኋላ እኔ ወዳለሁበት መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩና «መምህር፣ እጄ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔም በሰው ፊት ሊባል የማይገባውን አልኩ። «ስምዎ እኮ ተቀይሯል።»

«ስሙማ ምን ያደርጋል? ሁሉም ያየው እኔን ነው።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ተማሪዋ አለቀሰች። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ለክበቡ ነገርኩ። ጽሑፉን ከክፍል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ግጥሙን ለጊዜው አቆይተን፣ ሌሎች ሰዎች በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደተጠመዱ ማንበብ ጀመርን።

መጀመሪያ ያነሳነው ዶሮቲያ ላንግ የተባለችውን አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትሠራ፣ ካሊፎርኒያ ኒፖሞ አካባቢ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አገኘች። አዝመራው በውርጭ ተመቶ ሥራ የለም። ላንግ ጥቂት ፎቶ አንስታ ሄደች። ስሟንም ታሪኳንም እንዳልጠየቀቻት በኋላ ራሷ ጽፋለች። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ለሰፈሩ የምግብ እርዳታ ተላከ። እርዳታው ሲደርስ ግን እናትየዋና ልጆቿ ከዚያ ሄደዋል። ፎቶው በዓለም ታወቀ። ሴትየዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ፎቶውን ባላነሳችኝ ኖሮ፣ አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም ብላለች።

ክበቡ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። «የተራቡ ሰዎች በልተውበታል» ያሉ ነበሩ። ያስኬዳል። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ «42 ዓመት» አለ። «42 ዓመት ሰው ሁሉ ፊቷን ያውቀዋል፤ ስሟን ግን የጠየቀ የለም።» እሷ በ1983 ከማረፏ በፊት ታማ ሳለ፣ ልጆቿ እርዳታ ሲጠይቁ ፎቶውን የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች ገንዘብ እንደላኩ ስነግራቸው ደግሞ ክርክሩ እንደገና ተቀጣጠለ። ያን ቀን ሳንስማማ ነው ወደ ቤት የሄድነው።

የኬቨን ካርተር ጉዳይ ከዚህም ከበደኝ። ደቡብ አፍሪካዊው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ሱዳን፣ በረሃብ ደክሞ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሳ አነሳ። በ1994 ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘበት፤ በዚያው ዓመት ራሱን አጠፋ። ፎቶውን ላሳያቸው ወይስ ልተወው? ሁለት ሌሊት አሰብኩ፤ በመጨረሻ በቃል ነገርኳቸው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ሳናየው እንዴት እንፈርዳለን?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ቤቱ ሄዶ በስልኩ እንደሚያየውም አላጣሁትም።

«ሕፃኑን ከወደቀበት ለምን አላነሳውም?» ሁሉም የጠየቁት ይህን ነው። የያኔ አንባቢዎችም ይህንኑ ጠይቀው፣ ፎቶውን ያወጣው ጋዜጣ መልስ ለመስጠት ተገድዷል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ቀበል አድርጋ «ለዚህ ነዋ የሞተው፣ ጸጸቱ ነው የገደለው» አለች። ይህን እኛም መምህራን ስናወራው ኖረናል። ነገር ግን ትቶት በሄደው ደብዳቤ ውስጥ የገንዘብ ችግርና ዕዳ አለ፤ በዓይኑ ያያቸው ግድያዎች ትዝታም አለ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ጸጸት፣ አንድ ሞት ሲሆን ለወሬ ይመቻል። የተቀረው ሕይወቱ አይመችም፣ ስለዚህ ቆርጠን ጣልነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱን የከሰስንበትን ነገር እኛም በእሱ ላይ ስንሠራ ራሳችንን ያዝነው።

የአሜሪካዊቷን ጋዜጠኛ የጃኔት ኩክን ታሪክ በአንድ ረቡዕ ጨረስነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ስለ አንድ የ8 ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ጻፈች። ፖሊስ ልጁን ፍለጋ ከተማውን አሰሰ፤ አልተገኘም። በ1981 ጽሑፉ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ እንደሌለ አመነችና ሽልማቱ ተመለሰ። ልጆቹ «ውሸታም» ብለው ሊያልፏት ሲሉ አንዱ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። ስም መቀየር ከተፈቀደ ዕድሜ መቀየርስ? ሁለት ሰው አንድ ማድረግስ? እኛ እዚህ ደረስን፦ ሰውን ለመሸሸግ የቀየርከውን ነገር መቀየርህን ለአንባቢ ትነግራለህ፤ ታሪኩን ለማሳመር ከቀየርክ ግን ልብ ወለድ ነው፣ በልብ ወለድነቱ ይቅረብ።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን «እሺ» የምትለዋ ቃል ናት። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎን ነበር። ጠይቅ፣ እሺ ካለህ ጻፍ። ታዲያ አንዱ አባላችን ጓደኛውን አስፈቅዶ ጻፈ። ጽሑፉ የሚወጣበት ይህ መጽሔት በቴሌግራም እንደሚለቀቅ ጓደኛው የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። «እኔ እሺ ያልኩህ ለወረቀቱ ነው» አለው። ልክ ነው። ወረቀት ይጠፋል፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ግን የዛሬ 10 ዓመት ሥራ ሊቀጥረው ያሰበ ሰውም ያገኘዋል።

ደግሞ ይሉኝታ አለ። መምህር ሲጠይቃቸው ሠራተኞች እንዴት እምቢ ይላሉ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲጠይቀው የ9ኛው ልጅ እንዴት እምቢ ይላል? ፈልጎ ነው እሺ ያለው ወይስ እምቢ ማለት ከብዶት? ስለዚህ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ጀመርን። አንዴ ከመጻፋችን በፊት፣ አንዴ ጽፈን ካነበብንለት በኋላ። ሁለተኛው ላይ «ተወው» ካለ ምክንያት አንጠይቅም።

አንባቢው «ይህ ታዲያ ጋዜጠኝነትን አይገድልም?» ሊል ይችላል። የሚኒ ሚዲያው ልጆችም ብለውናል። ሥልጣኑን አላግባብ የተጠቀመን ሰው ጽሑፍህን ቀድመህ አንብብለት አልልም። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጉዳት ስለደረሰበት እንጂ ስላደረሰ ሰው አልጻፍንም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገህም ላይሳካ ይችላል። የቤላሩሷ ጸሐፊ ስቬትላና አሌክሲየቪች የሶቪየት ኅብረትን የአፍጋኒስታን ጦርነት ታሪክ ከራሳቸው ከወታደሮቹና ከእናቶቻቸው አፍ ሰምታ ነው የጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካነጋገረቻቸው መካከል አንዳንዶቹ ቃላችን ተጣሟል ብለው ሚንስክ ውስጥ ፍርድ ቤት አቆሟት። በ2015 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘች። ሽልማቱ የእናቶቹን ቅሬታ ይሽረዋል? ግማሾቻችን አይሽረውም አልን።

ያሸነፈችኝ ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ አንድ የቤተሰቧ ሰው ጻፈች። ዝርዝሩን እንዳልነግራችሁ ይገባችኋል። ሰውየው ሳይፈቅድ አይሆንም ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ እኔም እኮ እዚያው ቤት ነው የኖርኩት። የኔም ታሪክ ነው።» ምን ይባላል? እውነቷን ነው። የራስህን ሕይወት ለመጻፍ የማንን ፈቃድ ትጠይቃለህ? በሌላ በኩል ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ አለ፤ እስክሪብቶው ግን በእጁ የለም።

ሦስት ረቡዕ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ራሷ መንገድ አገኘች። ጽሑፉን ይዛ ተቀመጠችና እያንዳንዱን መስመር «ይህን አይቻለሁ ወይስ ገምቻለሁ?» እያለች ፈተሸች። «ያን ቀን ተስፋ ቆርጦ ነበር» የሚለው ወጣ። «ያን ቀን በሩን ሳይዘጋ ወጣ» የሚለው ቀረ። ጽሑፉ በግማሽ አጠረ፣ በእጥፍ በረታ። ከዚያ ለሰውየው አነበበችለት። «አሁን አይሁን» አላት። አስቀመጠችው። ክበባችን በዚህ ዓመት ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ በዚህ መጽሔት ውስጥ ግን አታገኙትም።

አንድ ነገር ብቻ ለክርክር አናቀርብም። አሁን አደጋ ላይ ያለ ልጅ የሚታይበት ጽሑፍ ከመጣ ቀጥታ ወደ ተማሪዎች አማካሪ ይሄዳል። ስለ ጽሑፉ ማማር በዚያ ሰዓት ማንም አያወራም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከ14 እውነተኛ ታሪኮች 5ቱ ብቻ ለኅትመት ደረሱ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ባልደረባዬ «ገጽ ባዶ ሊቀር ነው» ብሎ ተነጫንጮብኛል። ይህን ዘገባ ያረዘምኩትም በከፊል ለእሱ ብዬ ነው።

ይህንንም ቢሆን ዝም ብዬ አልሰጠሁትም። ስለ እኚያ ሠራተኛ ስጽፍ ያንኑ ጥፋት ልደግመው ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና አነበብኩላቸው። የሥራቸውን ዓይነት አስወጡኝ። ስለ ልጆቻቸው የነበሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችንም አስወጡኝ። የእጃቸውን ነገር ልሰርዝ ስል ግን «እሱ ይቆይ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«ለመሆኑ ያኔ ለልጅቷ ስንት ሰጧት?»

«ከ10፣ 9።»

«አንዷን ለምን ቀነሱባት?»

«ለሥርዓተ ነጥብ» አልኳቸው።