የአራስ ቅቤዬ ጉምሩክ ላይ ቀረ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን ለንደን ሆኜ በስልኬ አነባለሁ። ስለ አፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና በምትጽፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ከእንዲህ ያለ ኅብረት ሲወጣ ተራ ሰው ቤት ምን እንደሚደርስ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ እኔ አይቼዋለሁ።

እህቴ የምትኖረው ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ነው። ድሮ አርብ ማታ ከሥራ ወጥቼ እንግሊዝ ያለው ሃሪች ወደብ መርከብ እሳፈራለሁ። ጠዋት የኔዘርላንድሱ ወደብ ሁክ ፋን ሆላንድ ነኝ። ስለ ሻንጣዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

በ2022 እ.ኤ.አ. እህቴ ወለደች። ለገንፎዋ ብዬ 2 ኪሎ ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አነጠርኩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደ እሷ አድርጌ የማነጥረው እኔ ነኝ። ወደቡ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። የጉምሩክ ሠራተኛው ደግ ሰው ነበር። ግን ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ከብሪታንያ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም፤ ለራሱ ምግብም ቢሆን። ቅቤው እኮ የአየርላንድ ነው፣ ለንደን ሱፐርማርኬት የገዛሁት። አየርላንድ ደግሞ እስከ ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት። ብናገርም አልሆነም። ዓይኔ እያየ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ። አራስ ቤት ባዶ እጄን ደረስኩ።

ከቅቤው የባሰም አለ። ስዊድን ያለው ወንድሜ ልጁን እኔ ጋ ሆና ዩኒቨርሲቲ እንድትማር አስቦ ነበር። ቀድሞ የስዊድን ዜጋ እዚህ ሲማር የሚከፍለው እንግሊዛዊው የሚከፍለውን ነው፤ በዓመት 9,250 ፓውንድ፣ እሱንም በብድር። ከኦገስት 2021 ወዲህ ለሚጀምሩት ያ ቀረ። እኛ የተጠየቅነው ከእጥፍ በላይ ነበር። ቪዛው ሲጨመርበት ወንድሜ አቅቶት ተወው። ያዘጋጀሁላት ክፍል አሁንም ባዶ ነው።

እውነቱን ልናገር። ጁን 23 ቀን 2016 «እንውጣ» ብለው ድምፅ ከሰጡት 51.9 በመቶዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። የምሠራው ሆስፒታል ነው። በቀዩ አውቶቡስ ላይ ለአውሮፓ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን፣ ለጤና አገልግሎታችን እናውለው የሚል ተጽፎ ነበር። የአልጋና የሰው እጥረቱን በየቀኑ ስለማየው አመንኩ። በዚያ ሁሉ ክርክር መሀል ስለ ሻንጣችንና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ያነሳልኝ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ስለ ንግድ ቀጠናው ስትጽፉ ሚኒስትሮቹን ብቻ አትጠይቁ። ሞያሌ ላይ ዕቃ ይዛ ድንበር የምትሻገረውን ሴት ጠይቁልን። የምትከፍለው ምን ያህል ነው? ስንት ቀን ትቆማለች? ነገ ቢፈርስስ ምን ይቀርባታል?

ብሪታንያና ኅብረቱ ደግሞ በሜይ 2025 የምግብ ፍተሻውን ለማቅለል ስምምነት ላይ ለመሥራት ተነጋግረዋል። ለእኛ ለመንገደኞች ሻንጣም የሚደርስ ከሆነ እባካችሁ ጻፉልን። ኮሰረቱን አስቀምጬዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን