«ሰው አለኝ» ላሰኛችሁን፦ የምስጋና መልእክት ከየካ አባዶ

ከሁሉ አስቀድሞ እናታችንን ለመለሰልን ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ጎረቤቶቻችን፣ ለእድራችን አባላት፣ ለንስሐ አባታችን፣ ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ፣ ስማችሁን ሳናውቅ ለረዳችሁንም ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እማዬ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን መታጠቢያ ቤት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጩኸታችንን የሰሙ የብሎካችን ልጆች እየሮጡ ወጡ። ፍራሽ አንጥፈው በቀስታ አስተኟት፤ እግሯ እንዳይንቀሳቀስ በነጠላ ከፍራሹ ጋር አሰሩት። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ደግሞ ይብሳል። እዚያ ሲደርሱ ወደ ታች እንዳትንሸራተት ከፊት የያዙት ሁለቱ ጎንበስ ብለው ፍራሹን በትከሻቸው ቀና አድርገው ተሸከሙት። ከራስጌዋ የነበረው ልጅ ላቡ እየወረደ፣ ድምፁ ግን ሳይለወጥ፣ እስከ ምድር ድረስ «አይዞዎት እማማ፣ አለን» ይላት ነበር። ይህን ድምፅ እማዬ ዛሬም ታነሣዋለች።

ለቀዶ ጥገናው ደም ያስፈልጋል ሲባል በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ተላከ። በማግስቱ ማለዳ ደም ባንክ ስንደርስ ቀድመውን ተቀምጠው ያገኘናቸው አሉ። የአባዶን የጠዋት የታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቤት ከገባን በኋላም ውኃ በፈረቃው በመጣ ቁጥር ጀሪካኖቻችን ተሞልተው በራችን ላይ እናገኛቸው ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ያለሽ እህታችን ሆይ፣ አንቺን ለብቻ ሳላመሰግን አላልፍም። ዘንድሮ ጾማችንና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጠሙ። አንቺ ውኃ እንኳ ሳትቀምሺ ለእናቴ አጥሚት ታፈይ ነበር፤ ጾመኛ መሆኗን ስለምታውቂ ያለ ቅቤ። አላህ ዋጋሽን ይክፈልሽ።

በመጻጉዕ እሁድ ወንጌሉ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ጌታችን «ልትድን ትወዳለህን?» ቢለው፣ የሰጠው መልስ «ሰው የለኝም» የሚል ነበር። በየዓመቱ የምንሰማው ንባብ ነው፤ ዘንድሮ ግን እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከበሽታው ይልቅ ሰው ማጣቱ ነበር ያንገበገበው። እማዬን ከዚህ ያዳናት እግዚአብሔር ነው፤ ያዳናትም በእናንተ ትከሻ፣ በእናንተ ደም ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 5፥8 ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ እንደ ሞተ ይነግረናል። የእግዚአብሔር ፍቅር እንግዲህ ለምነነው፣ ተገብቶን የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣ ነው። እናንተም «ጥሩን እንጂ» ብላችሁ ቤታችሁ አልተቀመጣችሁም፤ ሳንጠራችሁ መጣችሁ። በእኔ እምነት ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ሰኞና ማክሰኞ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ዮሐንስም «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ» ያለው ይህንኑ ነው።

እማዬ አሁን በከዘራ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ቡናዋንም ተቀምጣ ታፈላለች። የተገለገለችበትን ተሽከርካሪ ወንበርና የብረት መደገፊያ ለእድራችን አስረክበናል፤ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር መጋዘን ተቀምጧል። ለማንኛውም ሃይማኖት ተከታይ፣ የእድሩ አባል ላልሆነም ጭምር ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ጸሐፊውን ይጠይቅ። ደም መስጠት የምንችል የቤተሰቡ አባላትም በየሦስት ወሩ ለመለገስ ተስማምተናል። አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ንገሩን፤ አንድ ላይ እንሄዳለን።

ከልጆቿና ከመላው ቤተሰብ