ይድረስ ለእማዬ፦ ህልምሽ ቀለም ነበረው?

ውድ እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህችን «ደህና ነኝ» ጽፌ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቆየሁ። ጥፋቱ የአንድ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነው። ኤሪክ ሽዊትዝጌብል ይባላል፤ እዚሁ፣ ሪቨርሳይድ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሰው በገዛ አእምሮው የሚያልፈውን እንኳ በቅጡ አያውቀውም ባይ ነው። ሌላው ይቅር፣ ህልሙን!

በ1942 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች በህልማቸው ቀለም ያዩ እንደሆነ ተጠይቀው ከመቶ 70 የሚበልጡት «ከስንት አንዴ» ወይም «በፍጹም» አሉ። ፕሮፌሰሩ ያንኑ ጥያቄ በ2001 ለራሱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢያቀርብ፣ እንዲያ ያሉት ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ሆኑ። በመሀል የመጣው ባለቀለም ፊልምና ቴሌቪዥን ነው። ታዲያ የተለወጠው ህልሙ ነው ወይስ ስለ ህልሙ የሚወራው? እሱ የሚጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። እንዲያውም ህልም ባለቀለምም ጥቁርና ነጭም ላይሆን ይችላል ይላል። እዚህ ላይ የአያ ጅቦ ተረትሽ ትዝ አለኝ። አያ ጅቦ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? እንዳይበላኝ ከመፍራት በቀር ስለ ጠጉሩ አስቤ አላውቅም።

አንቺ ግን ቡና እየቆላሽ «ህልም አየሁ» ስትዪ፣ እኛም «ለመልካም ያድርገው» ስንል፣ ቀለሙን ሳትጠሪ አታልፊም ነበር። አያቴ ነጠላ ለብሳ መጥታ፣ የጥለቱን ቅላት በጣትሽ ጭንሽ ላይ እያሰመርሽ ስታሳዪን፣ ጎረቤታችን ቀይ መባሉን ሰምተው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ያንን ቀይ ሌሊት አየሽው ወይስ ቡናው ሲቆላ ጨመርሽው? ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። እኔም ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም፤ ጥለቱ አሁንም ድረስ ይታየኛል፣ ያውም የሰው ህልም ሆኖ።

ብቻ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል» ስትዪኝ፣ እንዳልጨነቅ ትደብቂኛለሽ ብዬ አኮርፍ ነበር። እኔስ? አምና ናፍቆቴን ድካም ነው ብዬ ስንት ወር ሙሉ ቫይታሚን ስውጥ ከረምኩ! አንድ ቀን ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሸቶኝ ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያኔ ነው የገባኝ። እና አልደበቅሽኝም ይሆናል።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ጉልበትሽን ተይውና ሌሊት ምን እንዳየሽ ንገሪኝ። ቀለሙን እኔ አልጠይቅሽም።

ልጅሽ